ፓርኪንጉ እንዴት የሐበሻ ሆነ?

ዋሽንግተን ዲሲ መሀል ከተማ ምድር ቤት ወርዶ መኪናውን የሚያቆም ሰው ቲኬቱን የሚቀበለው ብዙ ጊዜ ከሐበሻ እጅ ነው። ጥፍሯን ልትሠራ የተቀመጠች ሴት በጎኗ የምትሰማው ወሬ በቬትናምኛ ነው። ሎስ አንጀለስ ላይ በሮዝ ካርቶን ዶናት ይዞ የሚሄድ ሰው የገዛው ከካምቦዲያ ቤተሰብ ሊሆን ይችላል፤ አውራ ጎዳና ዳር ሞቴል ያደረም የባለቤቱን ስም ጠይቆ "ፓቴል" ቢባል አይገረም። ሆስፒታል የተኛ ሰው ደግሞ ሌሊት ግፊቱን የምትለካውን ነርስ አገሯን ቢጠይቃት "ፊሊፒንስ" ልትለው ትችላለች።

ቡና ላይ ይህ ጨዋታ ሲነሳ መልስ የሌለው ሰው የለም። ቬትናሞች እጃቸው ጥበበኛ ነው፤ ፊሊፒኖች አዛኝ ናቸው፤ የእኛ ሰው ታማኝ ስለሆነ ቁልፍና ገንዘብ ይሰጡታል። ለጆሮ ደስ ይላል፤ ልክ ግን አይደለም። አብዛኛው ከኢትዮጵያ የሄደ ሰው በአገሩ የራሱ መኪና አልነበረውም፤ መኪና ማቆሚያ ውስጥ የበዛው በተፈጥሮ ተሰጥኦ ሊሆን አይችልም። ቬትናም ውስጥም ቢሆን ከ1975 በፊት (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ጥፍር መሥራት የሕዝቡ መለያ ሙያ አልነበረም። ሥራ ከሕዝብ ጋር የሚጣበቀው በሌላ መንገድ ነው። እሱን ከማየታችን በፊት ግን ቁጥር የሚያሳስትባቸውን ቦታዎች ማወቅ ይጠቅማል።

የሁለቱ መቶኛዎች ጣጣ

"ከፓርኪንግ ሠራተኛው ግማሹ ሐበሻ ነው" እና "ከሐበሻው ግማሹ ፓርኪንግ ነው የሚሠራው" ሲሰሙ አንድ ይመስላሉ። በፍጹም አንድ አይደሉም። ለምሳሌ ብቻ ከራሴ ቁጥር ልፍጠር፦ 100,000 ሠራተኛ ያላት ከተማ አለች እንበል። ከነዚህ 3,000ው ሐበሻ ነው። ፓርኪንግ የሚሠራው በጠቅላላ 1,000 ሰው ሲሆን ከነሱ 500ው ሐበሻ ነው። ከፓርኪንጉ በኩል ላየው ግማሹ የእኛ ሰው ነው። ከሐበሻው በኩል ላየው ግን ፓርኪንግ የሚሠራው ከስድስት ሰው አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት 2,500 ሰዎች በየሆስፒታሉ፣ በየሆቴሉ፣ በየቢሮውና በየሱቁ ተበትነዋል፤ መኪናውን የሚያቆመው ደንበኛ አያያቸውም።

አጥኚዎች ይህን የሚለኩት ቀላል ማካፈል ተጠቅመው ነው። ሕዝቡ በዚያ ሥራ ውስጥ ያለውን ድርሻ በጠቅላላው ሠራተኛ መካከል ባለው ድርሻ ያካፍሉታል። ውጤቱ 1 ከመጣ የተለየ ነገር የለም። 1.5 ከደረሰ ወይም ካለፈ ያ ሥራ የዚያ ሕዝብ ሰፈር ሆኗል ይላሉ። በእኔ ምናባዊ ከተማ 50 ለ3 ሲካፈል ወደ 17 ይመጣል፤ ይህ ሰፈር ብቻ ሳይሆን ቀበሌ ነው።

ሁለተኛው ማሳሳቻ "ሥራ" የሚለው ቃል ራሱ ነው። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ውጭ አገር ስለተወለዱ ሠራተኞች በየዓመቱ ዘገባ ያወጣል። የ2023ቱን ብንወስድ ከአገሪቱ የሠራተኛ ኃይል 18.6 በመቶው ስደተኛ ነው። ሥራ አጥነቱ ለስደተኛውም ለተወላጁም 3.6 በመቶ፣ ማለትም እኩል ነው። ሥራ የማግኘቱ ነገር እንዲህ ከተስተካከለ ልዩነቱ የት ነው? አንደኛው ክፍያው ላይ ነው። ሙሉ ሰዓት ሠራተኞችን ከዝቅተኛው ደመወዝ እስከ ከፍተኛው አሰልፈን መሀል ላይ የቆመውን ሰው ብንጠይቀው፣ ስደተኛው በሳምንት 987 ዶላር፣ ተወላጁ 1,140 ዶላር ያገኛል።

ሌላው ልዩነት የሚታየው ወንድና ሴት ሲለዩ ነው። ዕድሜያቸው 16 ከሞላ ስደተኛ ወንዶች መካከል ከመቶ 77 ያህሉ ይሠራሉ ወይም ሥራ ይፈልጋሉ፤ ከተወላጅ ወንዶች ግን 66 ያህሉ ናቸው። የተወላጁ ቁጥር ዝቅ ያለው በስንፍና አይደለም፤ ጡረተኛው ብዙ ነው፤ ስደተኛ የሚመጣው ደግሞ በጉልበቱ ዕድሜ ነው። ሴቶች ጋ ስንደርስ ነገሩ ይገለበጣል። ከስደተኛ ሴቶች ከመቶ 56 ያህሉ ናቸው፤ ይህም ከተወላጅ ሴቶች በጥቂቱ ያነሰ ነው። ቤት ሆና ልጅ የምታሳድግ እናት ሥራ ካልፈለገች በሥራ አጥነት አትቆጠርም፤ ከሒሳቡ ውጭ ናት። ቤቷ እንጀራ ጋግራ ለጎረቤት የምትሸጠዋ ደግሞ በመጠይቁ ደንብ ሠራተኛ ናት፤ መረጃ ሰብሳቢው ሲደውል ግን "ኧረ ሥራ የለኝም" ልትል ትችላለች።

የገቡበት በር

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። አንድ ስደተኛ አሜሪካ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወስንለት የገባበት በር ነው። ኤች ዋን ቢ በሚባለው ቪዛ የሚመጣውን አሠሪው ገና አገሩ ሳለ መርጦታል፤ ከአውሮፕላን ሲወርድ ወንበሩና ኮምፒውተሩ ይጠብቁታል። ከነዚህ ቪዛዎች አብዛኞቹ ለሕንዶች ስለሚሰጡ "ሕንድ ኮምፒውተር ያውቃል" የሚለው ወሬ ከዚያ መጣ። ኮምፒውተር የማያውቀው ሕንዳዊ አገሩ ቀርቷል፤ በዚያ በር አልገባም።

የዲቪው በር ሌላ ነው። ከ1995 ጀምሮ በዕጣ የመጣ ሰው ቢያንስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጨረሰ ወይም ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ የሁለት ዓመት ልምድ ያለው መሆን ነበረበት። አሠሪ ግን የለውም። ግሪን ካርዱ ይጠብቀዋል እንጂ ሥራው አይጠብቀውም። በ1980ው የስደተኞች ሕግ ተጠልሎ የሚገባው ሰው (ሬፊውጂ የሚባለው) ደግሞ የሚያገኘው የመጀመሪያው የአቀባበል እርዳታ 90 ቀን ያህል ነው፤ ያ ሳያልቅ ሥራ መግባት ስላለበት የሥጋ ፋብሪካም ይሁን የሆቴል ጽዳት ያገኘውን ይይዛል። ጥገኝነት ጠያቂው ከሁሉም የባሰበት ነው። በ1996 የወጣው ሕግ ማመልከቻውን ካስገባ በኋላ 180 ቀን ሳይሞላው ወርክ ፐርሚት እንዳይሰጠው ይከለክላል። ግማሽ ዓመት ያለ ፈቃድ! ሰው በዚያ ጊዜ የሚኖረው በዘመድ ቤት፣ የሚበላው በወገን ደግነት ነው። ፈቃዱ በደረሰ ቀን የት እንደሚያመለክት የሚነግረውም ያው ያስጠለለው ሰው ነው።

የፊሊፒን ነርሶች ታሪክ የበርን ነገር ከማንም በላይ ያሳያል። አሜሪካ ፊሊፒንስን ከ1898 እስከ 1946 ይዛ ነበር፤ በዚያ ዘመን የነርስ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፣ ትምህርቱም በእንግሊዝኛና በአሜሪካ ሥርዓት ሆነ። በ1948 የልውውጥ ፕሮግራም ተጀመረ፤ ወጣት ነርሶች ለልምድ ብለው አሜሪካ ይመጡና እጥረት ያለባቸው ሆስፒታሎች ይሠሩባቸው ነበር። በ1965 የአገር ኮታ ሲነሳ በሩ በሰፊው ተከፈተ። ርኅራኄው ቢኖርም መንገዱን የጠረገው ሃምሳ ዓመት ያህል የቆየ የቅኝ አገዛዝ ሥርዓተ ትምህርት ነው።

ሕጉ በአንድ ቤት ውስጥ ባልና ሚስትን ለሁለት የሚከፍልበት ጊዜም አለ። የኤች ዋን ቢ ባለቪዛው ባል ይሠራል፤ ተከትላው የመጣች ሚስት እስከ 2015 ድረስ መሥራት አይፈቀድላትም ነበር። ኢንጂነርም ትሁን ሐኪም ቤት ትውላለች። ከዚያ ዓመት በኋላም ፈቃድ የሚያገኙት ባሎቻቸው የግሪን ካርድ ሂደት የተወሰነ ደረጃ የደረሰላቸው ብቻ ናቸው። ሠንጠረዡን ብቻ ያየ ሰው "የዚያ አገር ሴቶች መሥራት አይወዱም" ሊል ይችላል። ሕጉ ነው የከለከላቸው።

ዋስ የሌለው ሰው የለም

በር ያስገባል፤ የትኛው ወንበር ላይ እንደሚያስቀምጥ ግን የሚወስነው ቀድሞ የገባ ሰው ነው። በ1970 አካባቢ ማሳቹሴትስ ውስጥ ኒውተን በምትባል ከተማ ባለሙያ ወንዶች ሥራቸውን እንዴት እንዳገኙ ተጠይቀው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት "በሚያውቁኝ ሰዎች" ብለዋል። እነዚህ የተማሩ፣ ቋንቋው የአፍ መፍቻቸው የሆነ፣ ጋዜጣ የሚያነቡ አሜሪካውያን ናቸው። ቋንቋውም አገሩም አዲስ ለሆነበት ሰው ደግሞ ይህ ስንት እጥፍ እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም።

ለዚህ ነገር ከአማርኛ የተሻለ ቃል ያለው ቋንቋ ያለ አይመስለኝም፦ ዋስ። አንድ የፓርኪንግ ሥራ አስኪያጅ ሰው ሲጎድልበት ማስታወቂያ አያወጣም፤ ጥሩ የሚሠራለትን ልጅ "እንዳንተ ያለ ሰው አለህ?" ይለዋል። ልጁ የአጎቱን ልጅ ያመጣል። የአጎት ልጅ ቢያረፍድ፣ ከካዝና ቢጎድልበት የሚያፍረው ያመጣው ነው። ፊርማ የሌለው ዋስትና ነው። አሠሪው ማጣሪያም፣ ማሠልጠኛም፣ መቆጣጠሪያም በነጻ አገኘ። ሥራው ራሱም ለጀማሪ ይመቻል፤ ሺፍት አለው፣ ከመንጃ ፈቃድ ሌላ ብዙ ወረቀት አይጠይቅም፣ ምሽት ላይ ኪዮስኩ ውስጥ መጽሐፍ ይገለጣል። ብዙ ሰው ኮሌጁን የጨረሰው እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ውሎ አድሮ ደግሞ ከሠራተኞቹ መሀል የራሳቸውን የፓርኪንግ ድርጅት የከፈቱ መጡ፤ እነሱም ሰው ሲፈልጉ የሚጠይቁት ያንኑ የሐበሻ መረብ ነው።

የመጀመሪያው ሰው እዚያ የገባው ግን ብዙ ጊዜ በአጋጣሚ ነው። በ1975 ሳክራሜንቶ አጠገብ በነበረ የቬትናም ስደተኞች ካምፕ ውስጥ ቲፒ ሄድረን የተባለችው የፊልም ተዋናይት ሴቶቹን ስትጎበኝ የጥፍሯን ውበት አደነቁ። እሷም የራሷን ጥፍር ሠሪ አምጥታ ሃያ የሚሆኑትን አስተማረቻቸው። በዚያው ዓመት ከካምቦዲያ የመጣው ቴድ ንጎይ ዶናት መሥራት ተምሮ ሱቅ ከገዛ በኋላ አዳዲስ ሱቆችን እየከፈተ ለወገኖቹ አከራየ። ከሕንድ ጉጅራት የመጡት ፓቴሎች ደግሞ ቤተሰቡ እዚያው እየኖረ እያጸዳ የሚያስተዳድረውን ርካሽ ሞቴል መግዛት ቀድመው ጀምረው ነበር፤ ኢዲ አሚን በ1972 እስያውያንን ከኡጋንዳ ሲያባርር የመጡት ዘመዶች ቁጥሩን ከፍ አደረጉት። ዛሬ የእስያ አሜሪካውያን ሆቴል ባለቤቶች ማኅበር አባሎቼ ከአገሪቱ ሆቴሎች 60 በመቶ ያህሉን ይዘዋል ይላል። ያች ተዋናይት ሌላ ነገር አስተምራቸው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስለ ቬትናሞች የምናወራው ተረት ሌላ ይሆን ነበር።

የመነሻ ገንዘቡስ? ባንክ ታሪክ ለሌለው ሰው አያበድርም። ኮሪያውያን "ኬ" የሚሉት ነገር አላቸው፤ ዕጣ እየወጣ በተራ የሚበላ ገንዘብ። እኛ እቁብ እንለዋለን። የግሮሰሪውም የታክሲውም መነሻ ከዚያ ወጥቷል። ስለ ታክሲ ከተነሳ ዲሲና ኒውዮርክን ማነጻጸር ደስ ይለኛል። ኒውዮርክ ውስጥ ቢጫ ታክሲ ለማሰማራት ቁጥሩ የተወሰነ ታርጋ ያስፈልግ ነበር፤ በ2014 አካባቢ የአንዱ ዋጋ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር አልፎ ነበር። ስለዚህ ሾፌሩ ተከራይ ነበር። ዲሲ ውስጥ እንዲህ ያለ ታርጋ አልነበረም፤ ፈተናውን ያለፈና መኪና የገዛ ባለቤት ይሆን ነበር። አንድ የእቁብ ዕጣ የሚከፍተው በር ነበር ማለት ነው፤ የእኛ ሰው ዲሲ ውስጥ ባለ ታክሲ የሆነው ለዚህ ነው።

በሰዓት የሚለካ አጥር

ሙያ በፈቃድ ይታጠራል፤ የአጥሩ ቁመት የሚለካው ደግሞ በሰዓት ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ለጥፍር ሥራ 400 ሰዓት ሥልጠና ይበቃል። ለረዳት ነርስ፣ የእኛ ሰዎች ሲኤንኤ ለሚሉት፣ የፌዴራሉ ሕግ የሚጠይቀው ቢያንስ 75 ሰዓት ነው፤ ክፍለ ግዛቶች ይጨምሩበታል። በአገሩ ሐኪም የነበረ ሰው ግን ፈተናዎቹን ሁሉ አልፎ እንኳ በሆስፒታል ውስጥ የዓመታት ልምምዱን እንደገና ሀ ብሎ መጀመር አለበት። የሦስት ልጆች አባት በ45 ዓመቱ ይህን የሚያደርግበት ጊዜም ገንዘብም ከየት ያመጣል? እየነዳ ያስተምራቸዋል። ስደትን የሚያጠና አንድ የዋሽንግተን ተቋም በ2016 እንደገመተው ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉ ዲግሪ ያላቸው ስደተኞች ሥራ አጥ ናቸው ወይም ዲግሪ የማይጠይቅ ሥራ ላይ ናቸው። ቴነሲ በ2023 ባወጣችው ሕግ ውጭ የሠለጠኑ ሐኪሞች ልምምዱን ሳይደግሙ በጊዜያዊ ፈቃድ እንዲሠሩ መንገድ ከፈተች፤ ሌሎች ክፍለ ግዛቶችም እየተከተሏት ነው።

ሴት የሚያሰኘው ምኑ ነው?

አሁን ወደ አንዱ ቤት እንግባ። ባል ከንጋቱ አሥር ሰዓት ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ይነዳል። ሚስት ከአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ሺፍት ጨርሳ ስትገባ ልጆቹን ለትምህርት ቤት ታሰናዳለች። በር ላይ ይተላለፋሉ። ሁለቱም በአንድ ዓመት በአንድ ቪዛ መጥተው፣ እኩል ተምረው ሊሆን ይችላል። እሱ መንዳት እሷ ማስታመም ላይ የወደቁት ለምንድን ነው?

የሰዓቱ ነገር አንዱ ነው፤ ልጅ የሚይዝ ሰው መቅጠር የአንዱን ደመወዝ ስለሚበላ ሺፍት የሚፈራረቅ ሥራ ይመረጣል። ሌሊት ብቻዋን እንግዳ ሰው ጭና መንዳት ለሴት ያለው ስጋት ሌላው ነው። ከሁሉ የሚጠነክረው ግን ዋሱ ነው። ወንድ ለወንድ ይነግራል፣ ሴት ለሴት። የሰንበቴው፣ የእድሩ፣ የክርስትናው ወሬ እንኳ ሁለት ጠረጴዛ ላይ ነው የሚወራው። ስለዚህ መረቡ ራሱ በጾታ የተከፈለ ነው።

ይህ የስደተኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ከተመዘገቡ ነርሶች ወደ 87 በመቶው ሴቶች ሲሆኑ ከግንበኛውና ከአናጢው ዓይነት የግንባታ ሠራተኛ ሴቶች ወደ 4 በመቶ ብቻ ናቸው። አጥኚዎች ለዚህም መለኪያ አላቸው፦ ወንዱና ሴቱ በሁሉም ሙያ እኩል እንዲከፋፈሉ ከመቶ ሴት ስንቷ ሥራ መቀየር አለባት? በ1970 መልሱ ከ60 በላይ ነበር፤ ዛሬ 50 አካባቢ ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ለፍቶ ያን ያህል ብቻ።

የትኛው ሥራ "የሴት" እንደሆነ የሚወስነው ተፈጥሮ ነው ለሚል ሰው የካሊፎርኒያን ልብስ አጣቢዎች እጠቅሳለሁ። በወርቅ ፍለጋው ዘመን ሴቶች ጥቂት ነበሩ፤ ከማዕድን በግብር ጫናና በዱላ የተባረሩት ቻይናውያን ወንዶች ልብስ ማጠብ ያዙ። በ1880ዎቹ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከነበሩት 320 ያህል ልብስ ማጠቢያዎች 240 ያህሉ የቻይናውያን ነበሩ። ከተማው በእንጨት ቤት ለማጠብ ፈቃድ ያስፈልጋል ብሎ ቻይናዊ ያልሆኑትን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ሲፈቅድ 200 የሚሆኑትን ቻይናውያን ከለከለ። ዪክ ዎ በሚባለው ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1886 ይህን አድልዎ ሻረው። እነዚያ ወንዶች በአገራቸው ማጠብን የሴት ሥራ ነው ብለው ያደጉ ነበሩ።

ሰፈሩ ሲጠብብ

የሥራ ሰፈር መጠለያም ወጥመድም ነው። በዘመድ የገባ ሰው ኦቨርታይሙ ቢቀርበት ለመክሰስ ይፈራል፤ ዋሱን ያሳፍራል። አደጋ ሲመጣም አንድ ሕዝብ ላይ ይከማቻል። አንድ የነርሶች ማኅበር በ2020 ባደረገው ቆጠራ በኮቪድ ከሞቱት የአሜሪካ ነርሶች ሲሶ ያህሉ ፊሊፒናውያን ነበሩ፤ ከአገሪቱ ነርሶች ሁሉ ግን 4 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው። በብዛት የሚሠሩት አልጋው አጠገብ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ነበር።

ሕጉም ቢሆን የሴትና የስደተኛ የሆነውን ሥራ ዘግይቶ ነው የሚያየው። የ1938ቱ የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ የቤት ሠራተኞችንና የእርሻ ሠራተኞችን አላካተተም። በ1974 የቤት ሠራተኞች ሲገቡ አረጋውያንን ቤታቸው የሚንከባከቡት "አብሮ ለመዋል የመጡ ናቸው" ተብለው ቀሩ። ለነሱ ዝቅተኛው ደመወዝና ኦቨርታይም በሰፊው የደረሰው በ2015 ነው፤ በ2025 ደግሞ የሠራተኛ ሚኒስቴሩ ራሱ ያን ደንብ መልሶ ለማንሳት ሐሳብ አቀረበ። ዛሬ ሆም ሄልዝ የምትሠራ እህት ይህን ማወቅ ያለባት ደመወዟ ላይ ስለሚንጸባረቅ ነው።

በር ምን ያህል እንደሚወስን ለማየት አንዲትን ልጅ በሁለት አውሮፕላን አስቡ። አንዱ ዲሲ በዲቪ ያወርዳታል፤ ሲኤንኤ ትማራለች፣ ቀጥላ ነርሲንግ ትመዘገባለች። ሌላው ሪያድ ወይም ቤይሩት ያወርዳታል፤ ቪዛዋ ላይ "የቤት ሠራተኛ" ተብሎ ተጽፏል፣ በከፋላ ሥርዓት ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር ታስሯል። ትምህርቷም ባህርይዋም አንድ ነው። ወንድሟ ወደዚያው ቢሄድ በሹፌርነት ወይም በዘበኝነት ይጻፍለት ይሆናል።

የዲሲው ፓርኪንግ ዛሬ እየተለወጠ ነው። ክፍያውን ማሽንና ስልክ ይዘውታል፤ ብዙ ቦታ ኪዮስኩ ባዶ ነው። ታክሲውንም ከ2011 መጨረሻ ጀምሮ ኡበር ገብቶበታል። የዶናት ቤቶቹ ልጆች ብዙዎቹ ዶክተርና ሒሳብ ሠራተኛ ሆነዋል፤ ወላጆቻቸው ያንን ሁሉ ሌሊት ሊጥ ያቦኩት ልጆቻቸው እንዳያቦኩ ነበር። አዲስ ለመጣው ሰው አሁን ሥራ የሚሰጠው አፕ ነው፤ አፑ የአጎት ልጅ አይጠይቅም፣ ዋስም አይፈልግም። የትኛው ሰዓት እንደሚሻል፣ ለኪራይ የሚሆን መኪና ማን ዘንድ እንዳለ፣ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ወረፋው ስንት መኪና እንደደረሰ ግን አሁንም የሚነገረው በአማርኛ ነው፤ የወንዶቹ በአንድ የቴሌግራም ግሩፕ፣ የሴቶቹ በሌላ።